የአልጋነሽ ድንጋይ

የጁነዲን ሞተር በዚያ ክረምት ስንት ጊዜ እንደወደቀ እኔ አልቆጠርኩም፤ የቆጠረ ካለ ሥራ የፈታ ሰው ነው። ብቻ የበርበሬ በረንዳ ሰው «ጓ» የሚል ድምፅ በሰማ ቁጥር አንገቱን እንኳ ሳያዞር «አንሱለት» ማለት ለምዶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሱቄ ፊት ለፊት፣ የቅመም ጉልቶች ከተደረደሩበት አጠገብ፣ የውኃ ቱቦ ሊቀብሩ መሬቱን ቆፈሩት። ቱቦውን ቀበሩ፣ አፈሩን መለሱበት፣ ሳይጠቀጥቁት ሄዱ። ከዚያ ክረምት ገባ። የተመለሰው አፈር ዝናቡን ጠጥቶ ጠጥቶ ገንፎ ሆነ። ከላይ ሲያዩት ደህና መሬት ይመስላል፤ እግር ሲያሳርፉበት ግን እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። መርካቶ ውስጥ ሰው ያልተጣላበት አንድ ቁራሽ መሬት ቢፈለግ እሱ ብቻ ነበር።

ጁነዲን ሞተሩን የሚያቆመው እዚያ ላይ ነው። ከየሱቁ የተፈጨ በርበሬና ሽሮ እየተቀበለ ለምግብ ቤቶች የሚያደርስ፣ ጨዋና ሳቂታ ወጣት ነው። ሞተሩ የራሱ አይደለም፤ የሚሠራበት ድርጅት ንብረት ነው። ከኋላው ትልቅ ቀይ ሳጥን አለው። ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ሞተሩ በጎን መቆሚያው ተደግፎ ጥሩ አድርጎ ይቆማል። ዕቃ መጫን ሲጀመር ግን ያቺ ቀጭን ብረት ቀስ እያለች ጭቃው ውስጥ ትገባለች። መጀመሪያ ዘመም ይላል፣ አንድ ከረጢት ሲጨመርበት የበለጠ ያዘነብላል፣ ጁነዲን ሌላ ሊያመጣ ዞር ሲል ይተኛል። አንዱ ስፖኪዮ በሰኔ ተሰበረ፤ ሁለተኛውም ወንድሙን ለመከተል ብዙ አልቆየም።

ልጁ መላ ያልፈለገ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ የሃይላንድ ጠርሙስ ጨፍልቆ ከመቆሚያው ሥር አደረገ፤ ጭቃው ዋጠው። የጣውላ ቁራጭ አመጣ፤ እሱም ገባ። ከዚያ የሴራሚክ ስባሪ፣ ከዚያ የድልህ ቆርቆሮ ክዳን፣ ሲጨንቀው ደግሞ የአሮጌ ጫማ ሶል። መሬቱ ሁሉንም ሳይመርጥ ተቀበለ። ጁነዲን የጠፋበትን ለመፈለግ እጁን እስከ ክርኑ ጭቃ ውስጥ ይከትና ባዶውን ሲያወጣው፣ ይሄ መሬት ሆዱ የት ድረስ ነው እያለ ይገረማል። ተሸካሚዎቹ ምክር በነፃ ያድሉታል። አንዱ ለሞተሩ ቦት ጫማ እንዲገዛለት መክሮታል።

ለምን አንተ ደጃፍ አያቆምም ትሉኝ ይሆናል። ደጃፌ ሲሚንቶ ነው፤ እውነት ነው። እኔ ግን ጆንያና ሲባጎ ነጋዴ ነኝ፤ ደንበኛ ጆንያውን ዘርግቶ ቀዳዳ እንደሌለው ካላየ አይገዛም፤ የሚዘረጋው ደግሞ እዚያ ሲሚንቶ ላይ ነው። ልጁ አንድ ቀን በትሕትና ጠይቆኝ ነበር። ዛሬ ለሞተር ከፈቀድኩ ነገ ጋሪ፣ ከነገ ወዲያ ሲኖትራክ ይመጣብኛል ብዬ መለስኩት። እሺ ጋሼ አለ፤ ሁለተኛም አልጠየቀኝም።

አሁን ስለ አልጋነሽ ልንገራችሁ።

አልጋነሽ ከዚያ ማጥ ቀጥሎ ባለው ጠንካራ ቦታ ላይ እርድና ጥቁር አዝሙድ ስትሸጥ ኖራለች። እኔ ከስልጤ አገር መጥቼ አጎቴ ሱቅ ስቀጠር እሷ እዚያ ተቀምጣ ነበር፤ ሱቁ የኔ ሲሆንም እዚያው ነበረች። በጾሟ እኔ እቀልድባት ነበር፤ ረመዳን ሲገባ ደግሞ ተራዋን ትበቀለኝ ነበር። ልጇን ፋናን ያሳደገቻት በእርድ ነው፤ ልጅቷ ገና ስትድህ ጀምሮ ጣቶቿ ቢጫ ነበሩ። በሰኔ መጨረሻ አልጋነሽ አመመኝ ብላ ቤት ዋለች፤ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ነፍሷን ይማር። ጠዋት ሱቄን ስከፍት «ዛሬስ ማንን ልታስነሳ ነው?» የምትለኝ እሷ ነበረች፤ አሁን የሚለኝ የለም፤ ይከፋኛል።

ማንን ልታስነሳ ነው ማለቷ ወዳ አይደለም። በኛ ተራ የጉልት ቦታ የሚያዝበት ደንብ አለ። የጻፈው የለም፤ የማያውቀውም የለም። ባለጉልት ሲታመም ወይም ሐዘን ሲቀመጥ ቦታው ላይ ድንጋዩን ትቶ ይሄዳል። ድንጋዩ እስካለ ድረስ ማንም አይቀመጥበትም፤ ዝናብ ይምጣ፣ ገበያ ይድራ፣ አይነካም። ድንጋይ የሌለበት ቦታ ግን ቀድሞ ለተቀመጠበት ሰው ነው። ተቀምጦም አንድ ሰው ከእሱ ዕቃ ከገዛ አበቃ፦ የሸጠ አይነሳም። በዚህ ላይ ጭቅጭቅ ሲነሳ ወደኔ ይመጣሉ። የተለየ እውቀት ኖሮኝ አይደለም፤ ሱቄ ፊት ለፊት ነው፣ ዕድሜዬም ገፍቷል። ስፈርድ ግን ፊት አላይም። የገዛ አክስቴን ልጅ አስነስቼ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም።

የአልጋነሽ ድንጋይ ጥቁርና ጠፍጣፋ ነው፤ ሚዛኗን የምታስቀምጠው እሱ ላይ ነበር። ሚዛኔ እንዳይዛነፍ ብላ ከስንት ድንጋይ መርጣ ያመጣችው ስለሆነ የትም ቢያስቀምጡት ንቅንቅ አይልም። ካረፈች ወዲህ ቦታዋን የጠበቀው እሱ ነው። ፋና አርባው እስኪወጣ ሐዘን ላይ ናት፤ አርባው ሲወጣ መጥታ በእናቷ ቦታ ልትቀመጥ ነው። ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ቤቱ የሰው፣ አባት የለ፣ ያላት ያቺ ሸራ የምታህል መሬት ብቻ ናት። በቀብሩ ዕለት የእናቴን ቦታ ጠብቁልኝ ብላ ለምናን ሁላችንም እሺ ብለናል፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም ጮክ ብዬ።

አርባው የዋለው ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረበት በነሐሴ ቀን ነው። ፋናና የተራው ሴቶች በማለዳ ራጉኤል ሄዱ፤ ጉልቶቹ ሁሉ ገና ተሸፍነዋል። ሱቄን ከፍቼ ብቅ ስል ያየሁት ነገር ደስ አሰኘኝ። የጁነዲን ሞተር፣ ሳጥኑ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ማጡ መሐል ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ተሸካሚዎቹ ከበው ያደንቃሉ። አንዱ በትከሻው ገፋ አደረገው፤ ወይ ፍንክች። ጁነዲን አንገቱን ደፋ አድርጎ እንደ ሙሽራ ፈገግ ይላል። እኔም ዛሬ ገና ሰው ሆንክ ብዬ መረቅኩት። ከመቆሚያው ሥር ምን እንዳደረገ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፤ እኛ ነን። ተሸካሚዎቹ ወደየሥራቸው ተበተኑ፤ ጁነዲን ከሳጥኑ በላይ የሚታሰር አንድ ከረጢት ሊያመጣ ሄደ፤ እኔም ደንበኛ መጣብኝና ወደ ሱቅ ገባሁ።

ተመልሼ ስወጣ የአልጋነሽ ቦታ ላይ ሰው ተቀምጧል።

ሴትየዋን በመልክ አውቃታለሁ። ታንጉት ትባላለች፤ ከጎጃም የመጣች፣ ነጭ ሽንኩርት በዘንቢል ይዛ መቀመጫ አጥታ ስትዞር የምትውል ናት። በየጊዜው በኛ ተራ ስታልፍ ድንጋዩን አየት ታደርግና ባለቤቱ ይመጣል ወይ ብላ ትጠይቃለች። ይመጣል እንላታለን። እሺ ብላ ታልፋለች። ዘንቢሏን እንኳ ለማሳረፍ ብላ አስደግፋበት አታውቅም፤ በዚህ ልቤ ወዷታል። ዛሬ ግን ላስቲኳን ዘርግታ፣ ሽንኩርቷን በመደብ በመደብ ደርድራ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀምጣለች።

ድንጋዩ አልታየሽም ልላት ስቀርብ ድንጋዩ የለም። ታንጉት ገና ሳልጠይቃት አስረዳችኝ። ቅድም ስታልፍ ቦታው ባዶ ነው። ባለቤቶቹ ተስፋ ቆርጠው የተዉት መስሏት ትንሽ ቆመች፤ የምትጠይቀው ሰው ስታጣ ተቀመጠች። ቦታ ካጣችበት ጊዜ ወዲህ ጀርባዋን ሳታጎብጥ የተቀመጠችው ዛሬ መሆኑን ነግራኝ ፈጣሪዋን አመሰገነች። እኔ የፈራሁትን ጠየቅኳት፤ ሸጠሽ ወይ?

ሸጣለች። አንድ መደብ። ለማን ብላት ሄልሜት ላደረገው ልጅ አለችኝ። ጁነዲን ከረጢቱን ሊያመጣ ሲያልፍ፣ ሞተሩ በመቆሙ ደስ ብሎት፣ ገበያ ይቅናሽ ብሎ፣ ለእናቱ ነጭ ሽንኩርት ገዝቶላታል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው።

ያን ጊዜ ነው ሞተሩን ልብ ብዬ ያየሁት። ከመቆሚያው ብረት ሥር የጥቁር ድንጋይ ፊት ከጭቃው ብቅ ብሏል። ጠርዙ ላይ ያ ሁሉ ዝናብ አጥቦ ያልጨረሰው ቢጫ አለ። የአልጋነሽ እርድ ነው።

ጁነዲን ከረጢቱን በትከሻው ይዞ መጣ። በጣቴ ወደ ታች አመለከትኩት።

«ይሄን ድንጋይ ከየት አመጣኸው?»

«ከዚህ ከጎን ነው ጋሼ። ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር።»

«ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ቦታ እየጠበቀ ነው።»

«ጋሼ፣ እኔ ድንጋይ መስሎኝ ነው።»

በጥፊ ልበለው ወይስ ልሳቅ ግራ ገባኝ፤ ሁለቱንም ተውኩት። ልጁ ያደገው ገርጂ ነው፤ እዚያ ድንጋይ ድንጋይ ነው። ስለ ፋና፣ ስለ አርባው፣ ስለ ደንባችን ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። ከረጢቱን ጥሎ ድንጋዩን ሊነቅል ተንበረከከ። ተው አልኩት። ድንጋዩ ቢመለስ የተሸጠው ሽንኩርት አይመለስም።

ነገር ሰምተው የተመለሱት ተሸካሚዎች ምን ችግር አለው ይላሉ፤ ሴትየዋ ትነሳ፣ ድንጋዩ ይመለስ፣ ማን አየ? እኔ አይቻለሁ። ታንጉትም ነገሩን ሰምታ የሟች ቦታ ከሆነ ይቅርብኝ ብላ ሽንኩርቷን መሰብሰብ ጀመረች። እጇ ቀስ ይላል፤ እያንዳንዷን ራስ እያየች ነው የምትመልሰው። ሳያት አንጀቴን በላችው። ምን አጠፋች? ደንባችንን ከኛ ከራሳችን በላይ ያከበረች እሷ ናት። አስነሳታለሁ ብል ነገ በማን ላይ ምን አፍ ይኖረኛል? አላስነሳትም ብል ደግሞ ለፋና ምን ልላት ነው? ጨነቀኝ። ባለቤቲቱ እስክትመጣ ተቀመጪ አልኳት።

ብዙም አልቆዩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከራጉኤል በኩል ብቅ አሉ፤ ፋና ጥቁር ለብሳ ከመሐላቸው ናት። በአንድ እጇ የእናቷን ሚዛን፣ በሌላው የእርዱን ከረጢት ይዛለች። መጥታ ታንጉት ፊት ቆመች። ግራ ቀኟን አየች፤ መንገድ የሳተች መስሏት ነበር።

«ጋሽ ሰላሃዲን» አለችኝ፣ «የእናቴ ቦታ ይሄ አልነበረም እንዴ?»

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ብዬ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ድንጋዩ፣ ታንጉት ስንት ጊዜ ጠይቃ እንዳለፈች፣ ከእሷ ማን እንደገዛ። ሴቶቹ ጁነዲንን በነገር ወጉት፤ ልጁ ሄልሜቱን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል። ፋና ግን ማንንም አልተቆጣችም። ዓይኗ ያረፈው ከሞተሩ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ነው። ዕንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ከፊሎቹ የአልጋነሽ ወዳጅ ነህ ይላል ዓይናቸው፤ ከፊሎቹ የአክስትህን ልጅ ያስነሳህ ነህ ይላል። እኔ ደግሞ ድንጋዩን አየሁ። ከተራው የትም አልሄደም። ጁነዲን ባያውቅም ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን ነው ያዞረው። ድንጋይ ያለበት ቦታ ተይዟል ያልነው እኛው ነን።

«እንግዲህ ስሙኝ» አልኩ። «ታንጉት ባዶ ቦታ ተቀመጠች፣ ሸጠች፤ አትነሳም። የፋና ቦታ ደግሞ ድንጋዩ ያለበት ነው። ድንጋዩ ያለው ሞተሩ ሥር ነው። የሚነሳው ሞተሩ ነው።»

ጉምጉምታ ተሰማ። አንዷ ሴት ለሙት ልጅ ማጥ ትፈርድላታለህ ወይ አለችኝ። ደንብን ጠበቅኩ ብዬ ልጅቷን ጭቃ ላይ ልጥላት ነው እንዴ ብዬ እኔም አፍሬያለሁ። ስለዚህ መሬቱን ሳናጠነክር ማናችንም ዛሬ ገበያ አንከፍትም አልኩ፤ ጁነዲን ሞተሩን ከዛሬ ጀምሮ ደጃፌ ሲሚንቶ ላይ እንዲያቆም ነገርኩት። ልጁ ማመን አቅቶት አየኝ። አንዱ ተሸካሚ ከኋላ፣ ጋሼ ሲኖትራኩስ መቼ ይመጣል ብሎ ጠየቀኝ። ያልሰማሁ መሰልኩ።

ሥራው ተጀመረ። ከመንገዱ ማዶ የፈረሰ ግንብ አለ፤ ተሸካሚዎቹ የጡብ ስባሪውን በጆንያ አጋዙት። ጆንያው የኔ ነው፤ ዋጋውን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አላነሳሁም። ጁነዲን ሞተሩን ወስዶ ድንጋዩን በጥንቃቄ አወጣ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ለፋና ሰጣት። ከዚያ አካፋ ተውሶ ጭቃውን መዛቅ ጀመረ። ትንሽ እንደቆፈረ አካፋው ቆርቆሮ መታ። የድልህ ክዳን ነው። ከእሱ ሥር ሴራሚኩ፣ ከሴራሚኩ ሥር ጣውላው፣ ከዚያ የተጨፈለቀው ሃይላንድ። ሶሉም ከጎን ተጣብቆ ተገኘ። መሬቱ ልጁ ያጎረሰውን ሁሉ አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ አስቀምጦለታል። ክምሩ ላይ ቆመን ብንረግጠው አልሰመጠም። ጁነዲን ጭቃ የጠገበ ሶሉን ከፍ አድርጎ ሲያሳየን ሁላችንም ሳቅን። ፋናም ሳቀች፤ ከቀብሩ ወዲህ ጥርሷን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ያንን እንዳለ ትተን ጡቡን ከላይ ሞላንበት። ተሸካሚዎቹ በእግራቸው ጠቀጠቁት፤ ጁነዲን እየዘለለ ረገጠው፤ ሴቶቹ ከየጉልታቸው አመድና ደረቅ አፈር አምጥተው በተኑበት። ፋና ሸራዋን ዘረጋች። ድንጋዩን ከፊቷ አስቀመጠች፤ በእጇ ገፋ አድርጋ ሞከረችው። ሚዛኑን አኖረችበት። ሁለቱ ሳህኖች ትንሽ ተወዛወዙና እኩል ቆሙ። ከዚያ እርዷን ከፍታ ተቀመጠች፤ መሬቱም ቻላት።

ግን ገና ነው። በኛ ደንብ ተቀመጠች እንጂ አልሸጠችም፤ ቦታው የሚጸናላት የመጀመሪያው ገዢ ሲመጣ ነው። የቀረው ይሄ ብቻ ስለሆነ እኔ ልሁን ብዬ እጄን ኪሴ ከተትኩ። ቤቴ እርድ ሞልቷል፤ ባለቤቴ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ።

ብሩን ሳላወጣ ታንጉት ብድግ አለች። ያን ያህል ጊዜ ስትፈልገው የኖረችውን ቦታ፣ ሽንኩርቷን እንደተደረደረ ትታ ተነሳች። ልትሄድ መስሎኝ ደነገጥኩ። እሷ ግን ፋና ፊት ሄዳ ቆመችና ከመቀነቷ ብር ፈታች። ጁነዲን የሰጣት ነው፤ የዕለቱ ገበያዋ እሱ ብቻ ነበር።

«የዚህን እርድ ስጪኝ» አለቻት።

ፋና ቀና ብላ አየቻት። እርዱን ዘግና ሳህኑ ላይ አደረገች፣ ሚዛኑ እኩል እስኪሆን ጠበቀች፣ እንደ እናቷ ወረቀቱን በሾጣጣው ጠቅልላ ሞላችው፤ ምርቃት ብላ ትንሽ ጨመረችበት። ጣቶቿ ቢጫ ሆኑ። ታንጉት ተቀብላ ቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ጥቅሉን ሽንኩርቷ አጠገብ አኖረችና ተራው ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ሸጣለች። ከእንግዲህ የሚያነሳት የለም።»

እኔም ብሬን ይዤ ሁለተኛ ገዢ ሆኜ ቆምኩ።